እማማ ኤማ መጀመሪያ አልተሳካላቸውም ነበር

ረጅም የእግር መንገድን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለመሄድ ወሬ ከተነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። ካርታ ሲዘረጋ፣ ቦርሳ ሲመዘን፣ የምግብ ሠንጠረዥ ሲሠራ ያይና ይስቃል። "ምን ያለፋችኋል? አንዲት የ67 ዓመት አሮጊት በሸራ ጫማ ጨርሳው የለም እንዴ!" ይላል። ልክ ነው፣ ጨርሰውታል። ችግሩ ታሪኩን ከመሃል መጀመሩ ነው። እኚሁ አሮጊት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያንኑ መንገድ ጀምረው፣ ጠፍተው፣ ስንቅ ጨርሰው፣ መነጽራቸው ተሰብሮ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ሴትየዋ ያው ናቸው፣ መንገዱም ያው ነው። ታዲያ በዓመቱ ምን ተለወጠ? ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህች ጥያቄ ነው።

ስማቸው ኤማ ጌትውድ ነው። አሜሪካኖቹ "አያቴ ጌትውድ" ይሏቸዋል። እኔ እማማ ኤማ እላቸዋለሁ፣ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ብቻ ሳይሆን ታሪካቸውን ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሳ የጎረቤት ሰው ስለመሰሉኝም ጭምር። (ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ አፓላቺያን ትሬይል ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 14 ግዛቶችን ያቋርጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተገናኘው በ1937 ሲሆን ዛሬ ርዝመቱ 2,197 ማይል አካባቢ ነው፣ ማለትም ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ። ዛፍና ድንጋይ ላይ በተቀባ ነጭ ቀለም ይመራል። በየመንገዱ ሦስት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ያላቸው፣ ፊታቸው ክፍት የሆነ የእንጨት መጠለያዎች አሉ። ዳገቱ ቢደመር ኤቨረስትን ከባሕር ጠለል ጀምሮ 16 ጊዜ ያህል እንደመውጣት ነው ይባላል። እግር ጠፍጣፋውን መሬት አይፈራም፣ የሚያልቀው ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው። ዛሬ እንኳን፣ ስልክ ላይ ካርታ ባለበት ዘመን፣ ሙሉውን በአንድ ወቅት እጨርሳለሁ ብለው ከሚነሱት ውስጥ የሚጨርሱት ከአራት አንዱ ያህል ናቸው።

ጓዙ ከመታሰሩ በፊት

እማማ ኤማ በ1887 ኦሃዮ ውስጥ ተወለዱ፣ የገበሬ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። በ19 ዓመታቸው አገቡ። 11 ልጆች ወለዱ። ባላቸው ይደበድባቸው ነበር፣ ያውም ለዓመታት፣ ያውም ክፉኛ። ዱላው ሲበዛባቸው ሸሽተው የሚገቡት ጫካ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተፋቱ። ልጆቹ አደጉ፣ ወጡ፣ የልጅ ልጅ መጣ።

ይህን የማነሳው ለሐዘኔታ አይደለም። የአንድን ሰው ዝግጅት ስንመዝን ቦርሳው ውስጥ ያለውን ብቻ ከቆጠርን እንሳሳታለን። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ቆፍረዋል፣ እንጨት ተሸክመዋል፣ የሚበላና የማይበላ ቅጠል ለይተው ያውቃሉ፣ ጨለማ ውስጥ ብቻቸውን መቀመጥ አያስፈራቸውም። በስልሳ ዓመት የተጠራቀመ ስንቅ ነው ይሄ። ቢሮ ውስጥ አሥር ዓመት የተቀመጠ ሰው "እሳቸው ድንኳን አልያዙም፣ እኔም አልይዝም" ሲል ይህን ግማሹን ሒሳብ ረስቶታል።

ሐሳቡ የመጣላቸው ከመጽሔት ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ በ1949 ስለ መንገዱ ያወጣው ጽሑፍ እጃቸው ገባ። ፎቶው ያምራል። ጽሑፉ መንገዱ በደንብ ምልክት የተደረገበት፣ በየአንድ ቀን መንገዱ መጠለያ ያለበት፣ መደበኛ ጤንነት ያለው ሰው ሁሉ ሊሄድበት የሚችል አስመስሎ ነው የሚያቀርበው። ብቻዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ወቅት የሄደች ሴት እስከዚያ ድረስ አልነበረችም። በቃ፣ እማማ ኤማ ልባቸው ተነሳ።

እዚህ ጋ የመጀመሪያው ስህተት ተጠንስሷል ብዬ አምናለሁ። ዕቅዳቸው የቆመው አንድ ምንጭ ላይ ነበር። ያ ምንጭ ደግሞ የተጻፈው አንባቢን ለማስጎምጀት ነው እንጂ መንገደኛን ለመምራት አይደለም። ዛሬም ቢሆን የሚያሳስተን ያው ነው፣ መልኩን ቀይሮ። የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ አይተን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ተራራ አናት ላይ እጁን የዘረጋ ሰው አይተን እንነሳለን። ያ ሰው ለስድስት ቀን በዝናብ ሲሄድ ካሜራውን ከቦርሳው እንዳላወጣ ማንም አልነገረንም።

ጁላይ 1954

በ66 ዓመታቸው ተነሱ። የጀመሩት ከሰሜኑ ጫፍ፣ ሜይን ውስጥ ካለው ከካታህዲን ተራራ ነው። ወደ ደቡብ ለመውረድ።

ካታህዲን 1,606 ሜትር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን መነሻው ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ በአንድ ቀን ከ1,200 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ መውጣት አለ፣ ከፊሉ በእጅና በእግር ድንጋይ እየቧጠጡ ነው። ጫፉ ላይ ከደረሱ በኋላ ጉዞው "ይጀመራል"፣ ማለትም የወጡትን መልሰው ይወርዳሉ። ከዚያ በትንሽ ርቀት የሚቀበላቸው ዛሬ "የመቶ ማይል ዱር" የሚባለው ክፍል ነው። 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ የለም፣ ሱቅ የለም። ሐይቅ፣ ረግረግ፣ ሥር፣ ድንጋይ፣ ትንኝ። ወደ ሰሜን የሚመጣ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ አራትና አምስት ወር የተሞረደ እግር አለው። ወደ ደቡብ የሚነሳው ግን የመንገዱን ከባድ ፈተና የሚጋፈጠው ገና ጫማው ሳይላመድ፣ ስንቁን ስንት ቀን እንደሚያደርሰው ሳያውቅ ነው።

እማማ ኤማ ብዙም ሳይርቁ ሬንቦ ሌክ በሚባለው ሐይቅ አካባቢ ምልክቱን ሳቱ። አንዴ ከሳቱ በኋላ ነገሩ ተያያዘ። መነጽራቸው ተሰበረ። መነጽር የሌለው ሰው ዛፍ ላይ የደበዘዘ ነጭ ቀለም እንዴት ይፈልጋል? ስንቁ አለቀ። በመጨረሻ የፓርክ ጠባቂዎች አገኟቸውና ወደ ቤትዎ ይመለሱ አሏቸው። ተመለሱ።

አሁን ይህን እንደ ሽንፈት የሚያነበው ብዙ ነው። እኔ ከሁለቱም ጉዞዎች ውስጥ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ይመስለኛል። ግትር ሴት ናቸው፣ በኋላ እንደምናየው። ግን ማየት የማይችል፣ የሚበላ የሌለው፣ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው መቀጠሉ ጀግንነት አይደለም። ሕይወታቸውን ይዘው ወጡ። ከነሕይወታቸው ደግሞ ከመጽሔቱ የሚበልጥ መረጃ ይዘው ወጡ።

ሌላው የሚያስገርመኝ የጉዳቱ ሰንሰለት ነው። አንዱም ነገር ለብቻው ገዳይ አልነበረም። መጥፋት ያጋጥማል፣ ስንቅ ያጥራል፣ መነጽር ይሰበራል። ሦስቱ አንድ ሳምንት ውስጥ ሲገናኙ ነው ነገር የሚበላሸው። ስለዚህ እኔ ጓዝ ሳዘጋጅ "ምን ምን ያስፈልገኛል?" ብዬ ብቻ አልጠይቅም። "የትኛው አንድ ነገር ቢጠፋ ጉዞው በዚያው ሰዓት ያበቃል?" እላለሁ። ለአንዱ መነጽር ነው፣ ለአንዱ የየቀኑ መድኃኒት፣ ለአንዱ ደግሞ ካርታው ያለበት ስልክ። ለዚያ ነገር ምትክ ይያዛል፣ ከባድም ቢሆን። ለሌላው፣ ለማንኪያውና ለሦስተኛው ካልሲ፣ ምትክ አያስፈልግም።

በሁለቱ ጉዞዎች መሃል

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው። እማማ ኤማ ሥራ ሠርተው ገንዘብ አጠራቀሙ። በስውር እግራቸውን አሠለጠኑ። መጀመሪያ ሰፈሩን መዞር፣ ከዚያ ትንሽ ጨምሮ፣ ከዚያ ደግሞ ጨምሮ። በመጨረሻ በቀን 10 ማይል፣ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዱ ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ልብ በሉ፣ "ሳይዘጋጁ ሄዱ" የሚባልላቸው ሴት ናቸው እነዚህ።

ከዚያ አቅጣጫውን ገለበጡት። በዚህ ጊዜ ከደቡብ፣ ከጆርጂያ ነው የሚነሱት። ለኔ የጠቅላላው ጉዳይ እምብርት ይህቺ ናት። ጓዝ ከመቀየር አቅጣጫ መቀየር ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ አንዲት ሳንቲም ደግሞ አያስወጣም። ከደቡብ ሲነሱ ዳገት የለም ማለት አይደለም፣ የጆርጂያ ተራሮችም ጉልበት ያስጮሃሉ። ልዩነቱ መውጫው ቅርብ መሆኑ ነው። መንገዱን መኪና መንገድ ቶሎ ቶሎ ያቋርጠዋል፣ ሰው ያለበት ቦታ ቅርብ ነው። ተሳስቶ ሦስት ቀን የዘገየ ሰው አይራብም። ዛሬ ከደቡብ የሚነሱ ሰዎች በ31ኛው ማይል ላይ ኒል ጋፕ የሚባል ቦታ ይደርሳሉ፣ የእግር መንገዱ ራሱ በአንድ የድንጋይ ቤት ውስጥ ያልፋል፣ ቤቱ ደግሞ የተጓዦች ዕቃ መሸጫ ነው። ብዙ ሰው የማይረባ ጓዙን እዚያ አራግፎ ወደ ቤቱ በፖስታ ይልካል። አንዳንዱማ ራሱንም አብሮ ይልካል። በአራተኛ ቀን ስህተትህን የምታርምበት ቦታ ማግኘት ምን ያህል ዕድል እንደሆነ የሚገባህ የመቶ ማይሉን ዱር ካየህ በኋላ ነው።

ቀኑስ? ሜይ 3 ቀን 1955 ተነሱ። ጆርጂያ ውስጥ የነበረው የያኔው መነሻ ኦግልቶርፕ የሚባል ተራራ ነበር። (ወደ ዛሬው ስፕሪንገር ተራራ የተዛወረው በ1958 ነው።) አትላንታ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በታክሲ ተራራው ድረስ። በዘፈቀደ የሚነሳ ሰው እንዲህ ተደራጅቶ አይሄድም።

ሜይ 3 ዛሬ ቢሆን ዘግይተሻል ይባሉ ነበር፣ አብዛኛው ወደ ሰሜን ተጓዥ የሚነሳው በማርችና በኤፕሪል ነው። ግን ቀኑን እንቁጠረው። ዛሬ ካታህዲን ያለበት የባክስተር ፓርክ ድንኳን የሚፈቅደው እስከ ኦክቶበር 15 ነው፣ ተጓዦችም ከዚያ በፊት ጨርሱ ይባላሉ፣ በረዶው አይቀልድም። ከሜይ 3 እስከዚያ 165 ቀን አለ። እማማ ኤማ የጨረሱት በ146ኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 25 ነው። በዛሬው ልክ ብንለካቸው 20 ቀን ተርፏቸዋል ማለት ነው። መንገዱ ያኔ 2,050 ማይል ነበር፣ 3,300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲካፈል በቀን 14 ማይል፣ 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ይወጣል። ዕረፍቱም፣ ዝናቡም፣ ወንዝ ሞልቶ የተጠበቀውም ሁሉ ተደምሮ።

ይህችን "ተደምሮ" የምትለዋን ቃል ብዙ አቃጆች ይረሷታል። "በቀን 30 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ፣ 3,500 ለ30 ሲካፈል 117 ቀን" ብሎ ከሥራው ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አለ። በቀን 30 መሄድ ይቻላል። በየቀኑ 30 መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ልብስ የሚታጠብበት ቀን አለ፣ ፖስታ ቤት እሑድ ተዘግቶ የሚጠበቅበት ቀን አለ፣ ቁርጭምጭሚት አብጦ የሚተኛበት ሳምንት አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታትማ ጡንቻ ቢፈቅድ እንኳን ጅማትና መገጣጠሚያ አይፈቅዱም፣ እነሱ ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብለው ነው የሚጠነክሩት። በመጀመሪያው ሳምንት 12 እና 15 ኪሎ ሜትር መሄድ አያሳፍርም። እማማ ኤማ ከመነሳታቸው በፊት እግራቸውን በቀን 16 ላይ አድርሰውት ነበር፣ ስለዚህ ይህን ዕዳ ቤታቸው ሆነው ከፍለውታል።

ከረጢቷ

ሁሉም የሚያወራው ስለዚህች ከረጢት ስለሆነ አልዘላትም። ከጂንስ ጨርቅ ራሳቸው የሰፏት ናት። በጀርባ አትታዘልም፣ ትከሻ ላይ ጣል ነው የሚያደርጓት። ውስጧ ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ የፕላስቲክ የሻወር መጋረጃ፣ የቆርቆሮ ቋሊማ፣ ዘቢብ፣ ለውዝ፣ የሾርባ ኩብ፣ የዱቄት ወተት፣ ፕላስተር፣ አዮዲን፣ ቪክስ፣ ባትሪ፣ ቢላዋ፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ነበር። ድንኳን የለም። ስሊፒንግ ባግ የለም። ጠቅላላ ክብደቷ ከ20 ፓውንድ፣ ማለትም ከ9 ኪሎ ያነሰ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ከ200 ዶላር ያነሰ ገንዘብ። እግራቸው ላይ ሸራ ጫማ።

ከዚህ ውስጥ እኔ ባርኔጣዬን የማነሳው ለሻወር መጋረጃዋ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ ነች፣ መሬቱ ሲረጥብ ምንጣፍ ነች። ዛሬ የቀላል ጓዝ ወዳጆች ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚገዙት ሐሳብ ይሄው ነው፣ አንድ ዕቃ ሁለትና ሦስት ሥራ ይሥራ። የሸራ ጫማውም ቢሆን እንደሚወራው እብደት አይደለም። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ እግር አያቆስልም። ዛሬ አብዛኛው የረጅም መንገድ ተጓዥ ከባዱን ቦት ትቶ ቀላል የሩጫ ጫማ ነው የሚያደርገው። ዋጋው ቶሎ ማለቁ ነው። እማማ ኤማ ግማሽ ደርዘን ያህል ጥንድ ጨርሰዋል። ስለዚህ ጫማ እንደ አንድ ጊዜ ግዢ ሳይሆን እንደ ስንቅ ነው የሚታቀደው፣ በየ800 ኪሎ ሜትሩ አንድ ጥንድ ብላችሁ ያዙ። እግርም ከጉዞው ጋር ያብጣል፣ አምስቱንም ጥንድ በአንድ ቁጥር አስቀድሞ መግዛት ያስቆጫል።

ብርድ ልብሱን ግን አልከላከልላቸውም። በቀዝቃዛ ሌሊት ድንጋይ በእሳት አሙቀው እላዩ ላይ ይተኙ ነበር። ብልሃት ነው፣ ግን የዕቅድ ክፍተትን በብልሃት መድፈን ነው። ያ ብልሃት የሌለው ሰው በዚያ ብርድ ልብስ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ይባስ።

መንገዱ ላይ መጽሔቱ ሲዋሽ

በሁለተኛውም ጉዞ መጽሔቱ እንዳለው አልሆነም። የወደቁ ግንዶች መንገድ ዘግተዋል። እሳት ያቃጠለው ቦታ ምልክቱ እንደገና አልተቀባም። ሣሩና ቁጥቋጦው አንገት ይደርሳል። መጠለያዎቹ ወይ ፈርሰዋል፣ ወይ ተቃጥለዋል፣ ወይ ከቆሻሻቸው የተነሳ ውጭ መተኛት ይሻላል። በኋላ ለጋዜጠኞች በምሬት ተናግረውታል። ይህን ያህል ከባድ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ እንደማይጀምሩት፣ ከጀመሩ በኋላ ግን ማቆምን እንዳልፈለጉ ገልጸዋል።

ታዲያ ዕቅዱ እንዴት አልፈረሰም? ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ዕቅዱ መጠለያዎቹ ላይ አልቆመም። መጠለያ ከሌለ ቅጠል ሰብስበው ይተኛሉ። ቤት ካዩ አንኳኩተው ያድራሉ፣ በረንዳም ቢሆን፣ የሽርሽር ጠረጴዛም ቢሆን። ምግብ ባለፉበት ሱቅ ይገዛሉ፣ ሰው ከጋበዛቸው ይበላሉ፣ ካጡ ጫካው ውስጥ የሚበላ ይለቅማሉ። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ በር ነበር። በ1954 ግን ሁሉም በር አንድ ላይ ነበር የተዘጋው።

ይህን ሳነብ በየከተማው አስቀድሞ በፖስታ ስለሚላክ የስንቅ ሳጥን አስባለሁ። ብዙ ሰው ከመነሳቱ በፊት የአምስት ወር ምግብ ይገዛል፣ ያሽጋል፣ በየፖስታ ቤቱ ይልካል። በሁለተኛው ወር ያንን ምግብ ማየት ያስጠላዋል፣ ወይም ፍጥነቱ ተቀይሮ ሳጥኑና እሱ አይገናኙም። በየሦስትና በየአምስት ቀኑ ሱቅ በሚገኝበት በዚህ መንገድ ላይ እየገዙ መሄድ ይሻላል። ሳጥን የሚላከው ሱቅ ለሌለበት ቦታ ወይም ለተለየ የምግብ ሁኔታ ብቻ ነው።

የባሰው ገና ነበር። በኦገስት 1955 ኮኒና ዳያን የሚባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በሳምንት ልዩነት ሰሜን ምሥራቁን መቱት። ኮኒ መሬቱን አጠገበችው፣ ዳያን ስትመጣ ውሃው የሚሄድበት አጣ። በዳያን ብቻ ከ180 በላይ ሰው ሞቷል። እማማ ኤማ በዚያ ዝናብ ውስጥ ነበሩ። ቨርሞንት ውስጥ ክላረንደን የሚባል ገደል ላይ ውሃው ሞልቶ ጠበቃቸው፣ ብቻቸውን መሻገር አይሞከርም። ጠበቁ። ሁለት የባሕር ኃይል ወጣቶች ደረሱና መሃላቸው አድርገው አሻገሯቸው።

መጠበቃቸውን አስምሩበት። መጠበቅ የሚችለው ትርፍ ቀን ያለው ሰው ነው። ቀኑን ጥርቅም አድርጎ ያቀደ ሰው፣ የመመለሻ ቲኬቱን ቆርጦ ሥራ የሚገባበትን ሰኞ የሚቆጥር ሰው፣ ያ ወንዝ ዳር ቆሞ መጥፎ ሒሳብ ይሠራል። የረጅም መንገድ ዕቅድ ላይ ከሁሉ ውዱ ነገር ምንም ያልተጻፈበት ቀን ነው። እኔ ከመቶ ቀን ውስጥ አሥራ አምስቱን ባዶ ነው የምተወው።

"ያ ድሮ ነው" የሚል ካለ፣ በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የተባለችው አውሎ ነፋስ የዚሁ መንገድ ደቡባዊ ክፍል ላይ ምን እንዳደረገች ይይ። ዛፍ ነቀለች፣ ድልድይ ወሰደች፣ ሰፊ ክፍል ተዘጋ። ከዚያ በፊት የታተመ ካርታ ያንን አይነግርህም። የመንገዱ ጠባቂ ድርጅት የሚያወጣውን ማሳሰቢያ ከመነሳት በፊትም፣ በየከተማውም ማየት ያስፈልጋል። ፈቃዱንም እንዲሁ። አብዛኛው መንገድ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ግን የስሞኪ ተራሮች ፓርክና ባክስተር የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው፣ ደንቡ ስለሚቀያየር በሚነሱበት ዓመት ማጣራት ነው።

አንድ የማልስማማበት

እማማ ኤማ ለልጆቻቸው ትንሽ ልሂድ ብለው ነው የወጡት። 3,300 ኪሎ ሜትር መሆኑን አልነገሯቸውም። ቨርጂኒያ ላይ ጋዜጠኞች አግኝተዋቸው ወሬው ወጣ። ምክንያታቸው ይገባኛል፣ ብናገር ያስቀሩኝ ነበር ብለው ይሆናል፣ በዚያ ላይ ዕድሜ ልኳን ፈቃድ ስትለምን የኖረች ሴት አንድ ቀን ሳትለምን ብትወጣ ማን ይፈርድባታል? ቢሆንም በዕቅድ ዓይን ሲታይ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው። የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ሲቀሩ "ቀሩ" የሚል የለም። በ1954 ጠባቂዎቹ ባያገኟቸው ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ ይከብደኛል። አንድ ሰው፣ ቢያንስ አንድ የማይጨቀጭቅ ሰው፣ የሚቀጥለው ከተማ የትኛው እንደሆነና ስንት ቀን ከዘገየህ ለማን እንደሚደውል ማወቅ አለበት።

ሴፕቴምበር 25 ቀን 1955 ካታህዲን ጫፍ ላይ ወጡ። በዓመት ከሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ሁለተኛቸው ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ተራራው በር ነበር፣ አሁን ግን መድረሻ ሆነ። የመቶ ማይሉን ዱር አልፈው ነው የመጡት፣ ያውም ያ ሬንቦ ሌክ ያለበትን። ያኔ ያጠፋቸው ቦታ ነው። በአራት ወር ተኩል እግር ግን ሌላ ቦታ ይመስላል።

በ1957 መንገዱን ድጋሚ ሙሉውን ሄዱት። በ1964 ደግሞ በየክፍሉ እየሄዱ ሦስተኛውን ጨረሱ፣ ሦስት ጊዜ የሄደ ሰው ከሳቸው በፊት አልነበረም። በመሃሉ በ1959 ከሚዙሪ ኢንዲፔንደንስ ተነስተው በድሮው የኦሪገን የስደተኞች መንገድ እስከ ፖርትላንድ በ95 ቀን በእግራቸው ገብተዋል። እዚያ እንደ አፓላቺያን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ የለም። ሜዳ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ለቀናት የሚከተል ሙቀት ነው። የ71 ዓመቷ እማማ ኤማ ያንን መንገድ የሄዱት ጃንጥላ ይዘው ነው።